ውሃ ልክ

ባልዲውን ደፋሁት፣ ደጁ ላይ ቆምኩና፤
ውሃ ይሉኝታ የለው፣ መንገዱን ያዘና፣
መውረጃውን ትቶ፣ ጥግ ጥጉን ዞሮ፣
እግሬ ሥር ተኛልኝ እንደ ለማዳ ዶሮ።

ለዚህ ነው እንግዲህ አምስት ሺህ ድርሃም፤
የስንት አባያ ጠርዝ፣ የስንት ሌሊት ድካም።

አጅማን፣ ኑዐይሚያ፣ ከመስጊዱ ኋላ፣
የባሕሩ ጨው ነው ግንቡን የሚበላ።
ባለቤቱ ሽማግሌው፣ አቡ ራሺድ፣
"አድሱት" አለን፣ "በኪሳችሁ፣ በእጃችሁ፤
የሁለት ወር ኪራይ እምራችኋለሁ።"

ሸረፋን ጠራነው።
ያገር ልጅ ነው አልን፣ ውል ምን ያደርግልናል፣
በአማርኛ የማለ በምን ይከዳናል?
ሜትሩን ወገቡ ላይ እንደ ሽጉጥ ሽጦ፣
ግድግዳ ደባብሶ፣ ሦስት ሻይ ጠጥቶ፣
"እህቴ" አለኝ፣ "በአሥር ቀን ቤተ መንግሥት።"
በአርባኛው ቀን ሄደ። ስልኩም ተዘጋ።
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤
እኛስ ጠርጥረናል፣
አፍረን ነው እንጂ ያልጠየቅነው።

አሁን ኑና እዩት።
የሴራሚኩ መስመር ከበሩ ሲነሣ ጨዋ ነው፣
መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሰክሯል።
የካቢኔቱ በር ሌሊት ብቻውን ይከፈታል፣
ብርጭቆ የሚቆጥር ይመስል ቆይቶ ይገጥማል።
ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ ነው፤
ጨለማው ውስጥ ገብተህ፣
በሩን በላይህ ዘግተህ፣
ከዚያ ነው ብርሃን የምትፈልገው።

ይርዳው ከጎረቤት ውሃ ልክ ተውሶ
ወለሉ ላይ አኖረው፣ ተንበርክኮ።
አረፋዋ ሸሸች፣ ጠርዙን ታክካ ቀረች።
ምንም አላለም። ዓይኑን ግን ከእሷ አልነቀለም።
እኔም አልተናገርኩም፤
"ያገር ልጅ" ያልኩት እኔ ነኝና።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር
እንደ ሙዚየም አስጎበኘሁት፦
ይኸውና ስንጥቁ፣ ይኸውና ጠማማው፣
እዚህ ጋ ደግሞ ሲሊኮኑን በጣቱ ነው የለቀለቀው፣
አሻራው አለ፣ ፖሊስ ቢፈልገው።
"ኧረ ምንም አይታይም" አሉኝ፣ ሁሉም።

አይታይም።
ይህን ቃል የት ነው የማውቀው?

የራሴ ነው።
ከስድስት ዓመት በፊት፣ የኢክራም ቬሎ፣
ግራ እጅጌው ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል፤
ሠርጉ ነገ ነው፣ ኤሲው ሞቷል፣
ላቤ ነጩን ጨርቅ እንዳይነካ በክንዴ እጠርጋለሁ።
"አይታይም" አልኳት፣ መርፌ በጥርሴ ይዤ፣
"አበባ ስትይዢ እጅሽ ይታጠፋል።"
ከፈለችኝ። አንድ ድርሃም አልቀነሰች።

ትናንት ደወልኩላት፤ ሻርጃ ነው ያለችው፣
ሁለት ወልዳለች፣ ድምፅዋ ወፍሯል።
"ቬሎሽን አምጪልኝ፣ እጅጌውን ላስተካክል።"
ዝም አለች። ቆይታ፣ ከሆዷ ሳቀች፦
"ፎቶው ላይ ሁሉ ግራ እጄን ከኋላዬ ደብቄያለሁ፤
ባሌ ደግሞ ምን ይላል መሰለሽ?
'ያን ቀን እንዴት ኮርተሽ ነበር!'
ተዪው እባክሽ። አሁን ብታስረዝሚው
የማን ሠርግ ሊሆን ነው?"

ሸረፋን ይቅር አላልኩትም፤ ይህ ይታወቅልኝ።
ስልኩን በየዓርቡ እሞክራለሁ።
ካነሣ፣ ሻይ አፍልቼ እጠራዋለሁ፣
ከነካልሲው እዚያ ውሃው ውስጥ አቆመዋለሁ፣
ሦስቱን ብርጭቆ እስኪጨርስ።

ማታ ግን፣ ታጥቤ ስወጣ፣
መግፊያውን አንሥቼ ውሃውን ስሸኘው፣
እጄ መንገዱን ለምዶታል፦
በግራ ሁለቴ፣ በቀኝ አንዴ፣
ጥጉ ጋ ትንሽ መለስ፣
እንደ ስፌት።

ይርዳው ከሳሎን "አለቀ?" ይለኛል።
"ሁለት ጣት ቀረው" እላለሁ።