ደሞዝ በሌለው ወር

በጳጉሜ አምስት ነው አንቺ የተወለድሽው፣
ጉም ጦሳን ውጦት፣ አስፋልቱን ሊውጠው።
የነሐሴው ደሞዝ አልቆ ከነዱካው፣
የመስከረሙ ገና በሩን ሳያንኳኳው፣
ፋብሪካው በማይከፍልባት ባሥራ ሦስተኛዋ ወር፣
ድሃ በብድር ብቻ በሚሻገራት ድንበር፣
እሪ ብለሽ መጣሽ።
አባትሽ ይመር ሣቀ፣ ከራስጌዬ ቆሞ፦
"ይቺስ ብልጥ ናት፤ ኪራይ የለባትም፣
ጳጉሜን አከራይም አይቆጥራትም።"

እነሆ ሰባት ሞላሽ፣ ትናንት ማታ፣ ለጥቂት፤
ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ያንቺ ነው ታናሽነት።
የጥቅምቱ ልጅ ሲቀመጥ ካንቺ ጋራ ባንድ ወንበር፣
አንድ ክረምት ይበልጥሻል በቁመትም፣ በነገር።
በሆዴ ደግሞ ሌላ አለ፣
አምስት ወሩ፣ መራገጥ የጀመረ።

ይመር ከኮምቦልቻ መጣ፣ ሐረጎን በሌሊት ወጥቶ፣
ጥጥ ከነቅንድቡ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ተሞልቶ።
የወተት ጣሳውን ደፋን፣ ቆጠርን ከምንጣፍ ላይ፦
ይህ ለዩኒፎርም፣ ይህ ለደብተር፣ ይህ ለጫማ።
"ለሕፃኑስ?" አለ። ዝም አልኩኝ በጨለማ።

ሳፋው አለ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀው፣ አንቺን ያጠብኩበት፤
ቢጫዋ ሹራብሽ አለች፣ አይጥ ክርኗን የበላባት፤
የእትዬ የሺመቤት አልጋ አለ፣ ሦስት ልጅ ያሳደገ፣
አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ፣ ያነከሰ፣ ያረጀ።
አሮጌ አንሶላ ስምንት ቦታ ሲቀደድ ሽንት ጨርቅ ይወጣዋል፤
ሕፃን አዲሱን ካሮጌ በምን ይለየዋል?
ሲሞቀው ይተኛል፣ ሲጠግብ ያገሳል።
ግን ያራስ ቅቤ በውሰት አይመጣም።
ከሰልም አሮጌ የለውም።

ያኔ አንድ ሐሳብ ገባ፣ እንደ ሌባ በመስኮት፦
ዘንድሮ ባትገባስ? ቢመልሷት? ታናሽ ናት ቢሏት?
ደብተሩ ቅቤ ይሆናል፣ ጫማው ከሰል።
ካንቺ ዓመት ቀድጄ ለሱ መጠቅለያ ልሰፋ...
እናትሽ ነኝ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ።

መምህር ደምለው የድሮ ሰው ነው፣ መዝጋቢው፤
የልደት ካርድሽን ገለበጠና መለሰው።
"ወረቀት ይዋሻል" አለ፣ "ጆሮ ግን አይዋሽም።
ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና
ግራ ጆሮሽን ያዢልኝ እስቲ።"
ሰልፉ ዝም አለ። ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል።
እጅሽ ተሻገረ፣ ፀጉርሽን ዳበሰ፣
አንዲት ጥፍር ቀረው።
አንዲት ጥፍር፣ አንድ ኪሎ ቅቤ፤
አይድረስ አለ አንድ ነገር ከልቤ።

አንቺ ግን የጳጉሜ ልጅ፣ በሁለት ዓመት መሃል ሾልከሽ የመጣሽ፣
አንገትሽን ዘንበል፣ ትከሻሽን ከፍ አድርገሽ፣
ያዝሽው!
እንዳያመልጥ ጨመቅሽው፣ እስኪቀላ።
መምህር ደምለው አየ። አይቶም እንዳላየ፣
እስክሪብቶውን ጠቅ አድርጎ "ረውዳ ይመር" ብሎ ጻፈ።
እኔ ግድግዳ አየሁ።

ልብስ ሰፊው እንድሪስ ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፤
"ለስንት ዓመት ይሁን?" አለኝ።
"ለሦስት" አልኩት።
ጠርዙን አራት ጣት አጠፈው፤
እጅጌው እጅሽን ዋጠው።
የተረፈችውን ብጣሽ ጠቅልዬ ያዝኩ፣
ለትንሽ ራስ ኮፍያ ትሆናለች ብዬ ለካሁ።

ዛሬ ጉሙ ወርዷል፣ ቧንቧ ውሃ ሰው አይታይም፤
ቦርሳ ብቻ ይሄዳል፣ ከሥሩ ሁለት እግር፤ አንቺ የለሽም።
ከትምህርት ቤቱ በር ስትደርሺ ዞር አልሽ፣
እጅሽን በራስሽ ላይ አሳለፍሽ፣
ጆሮሽን ነክተሽ አሳየሽኝ፣
አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ፣ እንደ ምሥጢር።

ይሄኛው ጥር ላይ ነው አሉኝ፣ ጤና ጣቢያ ቆጥረው፤
ደሞዝ ባለበት ወር።
ኪራይም ባለበት።