ድመቷ የምታውቀው ዘይት

ዶና ዙልሚራ የሟች ባሏን ጊታር
ተሸክማ መጣች፣ ሚንዴሎ፣ ወደብ ዳር።
ክሩን ፈታሁና አንገቱን አየሁት፤
ዞጲው ተሰነጣጥቋል፣ ጨዋማው ነፋስ ጠጥቶት።
በብረቶቹ መሃል እድፉ ጠቁሯል፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጣት ሲወርድ ኖሯል።
አሸተትኩ፤ ደነገጥኩ፤ "ምን ይቀባው ነበር?"
"የሳርዲን ዘይት ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር።
ሲጫወት ድመቷ ጭኑ ላይ ወጥታ
እንጨቱን ስትልስለት፣
'ጆሮ አላት!' ይለኝ ነበር በደስታ።"

ጠርሙሶቼን ደረደርኩ።
የወይራው ዓመት ሳይሞላ ይከረፋል፤
የተልባው እንደ ሙጫ ደርቆ ይቀራል፤
የሎሚው ያጥባል እንጂ ጥም አይቆርጥም።
በሱ ፈተግኩት፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ፤
ከዚያ ያን ውሃ መሳይ፣ ቀለም የለሽ፣ ሽታ የለሽ፣
የሕፃን ገላ የሚቀቡትን፣
ሁለት ጠብታ ብቻ፤ ሲበዛ እንጨትም ይሰክራል።
ዞጲው እንደ ሌሊት ጠቆረ። ኮራሁ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፣
ጊታሩን በአንድ እጇ፣ ድመቷን በሌላው።
"አሸተተችው፣" አለች፣ "ፊቷንም አዞረች።
ቤት ውስጥ እንግዳ ሰው የገባ መሰላት።"
ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቆርቆሮ አኖረች።
"ጫፉን ብቻ፣" አለች፣ "ትንሽ፣ ለምልክት።"

ሙያዬ "አይሆንም!" አለ።
እጄ ግን መሳቢያ ውስጥ
መክፈቻ ይፈልግ ነበር።