ሦስት ፊደል

ማናማ፣ መዝገብ ቤት፤ ማቀዝቀዣው እንደ ሽማግሌ ያስላል፤
ውጭ ባሕሩ እንደ ቀለጠ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል።
ለማስተርሴ ጽሑፍ አንድ የነጻነት ወረቀት እገልጣለሁ፤
ዳሩን ብል በልቶታል፤ እንዳይቀደድ ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ሉልዋ። ሐበሻ። ዕድሜ ሠላሳ ይሆናል።
ሙሐረቅ፣ በዕንቁ ነጋዴ ቤት አገልግላለች» ይላል።
ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ፤ ከጎኑ ጸሐፊው በችኮላ
እናቷ ያወጣችላትን ስም ጭሯል፣ ድምፁን ሳይሞላ፦
መ። ረ። ደ።

ዐረብኛው ቢነፍጋት በኛ ፊደል ልጥራት ብዬ
አንከባለልኳት፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተከትዬ።
ማርዳ ስላት፣ ያንገት ጌጥ፣ የእናት ስስት ናት፤
መርዶ ስላት ግን፣ ነጋሪም ለቀስተኛም ያጣ ሞት።

ሰባት ድምፅ። እኛ ቤት ሰባት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነበር፤
አባቴ «አጥንቱስ?» እያለ የሽማግሌ ፊት ሲመረምር
አክስቴ የምትጥላት አንዲት ቃል ነበረች፣ ከመጋረጃው ጀርባ፤
ዛሬ በትእምርተ ጥቅስ ጥናቴ ውስጥ አለች፣ ታጥባ።

«ካሳውን ማን ይክፈል?» ይላል የዶክተር ሙኒራ ቀይ ብዕር።
«የዕንቁው ቤት» ብዬ ነበር፤ ግማሽ ምዕራፍ፣ ከነቁጥር።
ከዚያ ገጹን ገለበጥኩት። የሉልዋ ቃል እዚያ ነበር፦
«የሸጠኝ ሰው አፍ በፈታሁበት ቋንቋ አይዞሽ አለኝ፤
በስሜ ጠርቶ ሸጠኝ።»

እንግዲህ ስሟን ከነድምፁ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።
አባቴ፣ አባቱ፣ የአባቱ አባት፤ ሰባት ቤት ልቆጥር ጀመርኩ፤
አራት ላይ ስደርስ አቆምኩ።