ሾልኮ የገባ

ሸዋ በር ነው ቤቱ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
የጦሳ ጉም ወርዶ ሳይጠሩት ሚገባ።
ግድግዳውን አልብሰን በእንቁላል ካርቶን፣
የበሩን ቀዳዳ በጋቢ ወትፈን፣
አዛኑ እስኪያበቃ፣ ባጃጅ እስኪያልፍ ቆመን፣
ዝናቡ ቆርቆሮን እስኪለቅ ጠብቀን፣
ሌሊት ነው የምንሠራው።

እኔ ቀጂ ነኝ፤ ድምፅ እንደ ውሃ እቀዳለሁ፣
ጠብታ እንዳይፈስብኝ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አምባሰልን ይመር ያወጣት ማታ፣
አያ ደምሌ ከሥሩ ማሲንቆ ሲመታ፣
አንድ ክፍል ነበረን፣ ማይክራፎን ሁለት፣
ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጉልበት ለጉልበት፣
አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እየሞላለት።
"ደግሞ አንዴ" አልኋቸው፣ ሞልቶ ሳለ ሥራው፤
እንዳያባራብኝ ነበር ሆዴ የፈራው።

ቅጠሉን ማን አመጣው ብትሉኝ፣ እኔ ነኝ።
ሥራው ሲጎተት፣ እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ፣
ከሰኞ ገበያ አንድ እስር ገዝቼ
"ለጉሮሮህ" አልሁት፣ ከውሃ ጋር ሰጥቼ።
አያቱ ለዱዓ የሚይዙት ነበር፣
በምርቃት ተከፍቶ በምርቃት ሚታሠር፤
እኛ ምርቃቱን ትተን ምርቃናውን ወሰድን፣
ያለ ዱዓ ከፍተን፣ ሳንዘጋው ነጋብን።

እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ሠራ።
ግጥሙ እንደ ቦርከና በክረምት ሲያጓራ
አራት ዘፈን አወጣን በሦስት ሌሊት፣
ተቀባይዋ ትርንጎ እስኪከዳት ጉልበት።

ከዚያ ግን ለምርቃናው ማብረጃ ፈለገ፤
ለማብረጃው ማንቂያ፤ ሌቱን ቀን አደረገ።
ከዚያ ነጭ ክኒን መጣ፣ በላስቲክ ታስሮ፤
በእንግድነት ገባ፣ ባለቤት ሆነ አድሮ።
"አብሽር" ይለኛል፣ "አብሽር ወንድሜ፣
እንቅልፍ አጥቼ እንጂ ምን ሆኜ ታምሜ?"

ማዳመጫ ላጠለቀ ሰው ግን ምሥጢር የለም።
የደረቀ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ፣
ጥርስ ሲፋጭ እሰማለሁ፣
ከቃሉ አስቀድማ የምትመጣዋን ውሸት እሰማለሁ።
እሷን እየቆረጥሁ፣ እሷን እየጣልሁ
ለሰው ጤነኛ ይመር እሠራ ነበርሁ።

አያ ደምሌ ከሙጋድ በእግሩ መጥቶ
እስከ እኩለ ሌሊት ደጃፍ ተጎልቶ፣
ይመር ሲደርስ ዐይኑ የሌላ ሰው ዐይን ነው።
"ክርህ ይጮኽብኛል" አለው፣
"ምትህ ይጎትተኛል።"
ሽማግሌው ደጋኑን ጠረገ። ቀስ ብሎ።
"እኔን አይደለም ልጄ የምትሰማው፤
ጆሮህ ውስጥ ሌላ ሰው አስቀምጠሃል።"
ወጣ። ኮቴው ጭቃው ላይ ሲርቅ
ማይኩ ክፍት ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ።
ይመር በምርቃናው ወንበሬ ላይ ወጥቶ
የማሲንቆውን ትራክ አንድ በአንድ ፈልጎ
ከአስራ አንዱም ዘፈን አጠፋው፤
ቅርጫቱንም ደፋው።
በኪቦርድ ሊተካ ነበር። ሳይተካ ተኛ።
ክረምቱን ሙሉ እኔ የቀዳሁትን
ባንድ ሌሊት ደፋ።

ሲነጋ ጠየቅሁት።
"እኔ?" አለ። "ወላሂ እኔ አይደለሁም።"
እውነቱን ነው፣ አያስታውስም።
ይሄ ነው የከፋኝ፦
ከልቤ ተቆጥቼ የምጣላው ሰው አጣሁ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ቧንቧ ውሃ ታየ ይሉኛል፣
አንዱ ኮምቦልቻ ይላል። ስልኩ ዝግ ነው።
ባለገንዘቡ ደውሎ፣ "ድምፁን ብቻ" አለኝ፣
"የይመርን ድምፅ ብቻ አስረክበኝ።"

ድምፁን ብቻ ከፈትሁ፣ ሌላውን ዘግቼ።
ከጉሮሮው ኋላ፣ ከትንፋሹ በታች
ቀጭን ነገር አለች፣
በግድግዳ ማዶ እንደምትሰማ የጎረቤት ወሬ።
አንድ ክፍል ነበረን። ጉልበት ለጉልበት ነበሩ።
ማሲንቆው ያኔ በይመር ማይክ ሾልኮ ገብቶ
ከድምፁ ጋር ተቀድቷል።
ይመር አየር ሊስብ ባቆመበት ሁሉ
አያ ደምሌ አለ፣
እየሞላለት።

በሙያችን ሕግ ይሄ ጉድለት ነው፤ ይጸዳል።
እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮን ለቀቀ፤
ለመቅዳት የሚመች ሌሊት ነበረ።