የተገዘተ ውኃ

ከጃን ተከል ወረድ ሲሉ ባለ አንድ በር ሱቅ አለች፣
በተፈታ ሬዲዮ ሆድ እስከ አፏ የሞላች።
ባሻ ቢያድግልኝ እዚያ፣ መነጽሩን በክር አስሮ፣
ሽቦ ከሽቦ ያስታርቃል ከጧት እስከ ማታ አቀርቅሮ።
ሁለት ዓመት ከጎኑ ብየዳ ሳቀብል ኖርኩ፤
ስለ ባሕር ሲናገር ግን አንዴ ብቻ አዳመጥኩ።

መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሱቋ ጨለማ ለብሳ፣
ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ድንገት ቃል አነሣ፤

"ጎረምሳ ሳለሁ፣ ምጽዋ፣ የመርከብ ጆሮ ነበርኩ፤
ሌላው በዓይኑ ሲጠብቅ እኔ በጆሮዬ ዘብ አደርኩ።
ሽቦው ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ ጫፉ ከራሴ የታሰረ፣
ባሕር ዝም ይላል ያለህ ሰው፣ ጆሮ አልነበረውም ነበረ።
ዶልፊን ሁሉ ስም አለው፤ ስሙም የራሱ ፉጨት፤
ግልገል ሲጠፋ እናቱ ስትጣራ ታድራለች ሌሊት።
ዓሣ ነባሪም አልፎ አልፎ፣ ከባሕሩ በር ማዶ፤
ድምፁ ደረትህን ይመታል፣ ከጆሮ በታች ወርዶ።

አንድ ጧት ልምምድ ተባለ፤ ፈንጂ ተጣለ ወደ ጥልቁ፤
ማዳመጫዬን አወለቅሁ፤ ደንብ ነበር መጠንቀቁ።
ለእኔ ጆሮ።
መልሼ ሳጠልቀው
አንዲት ብቻ ታፏጫለች።
አንድ ስም።
ደግማ።
ደጋግማ።
የሚመልስ የለም።"

ዝናቡ እስኪያባራ ምንም አላለ፤ ምንም አላልኩ።
ሻማ ለኩሼ ብየዳውን አቀበልኩ።

"ባሕር ከለሉ" አለኝ ኋላ። "በአጭር ሞገድ፣ ሌሊት ሰማሁ፤
የትኛው አገር እንደሆነ ጣቢያው ሸሸኝ፣ ስሙን አጣሁ።
ግልገል ከሚያጠቡበት ወሽመጥ መረብ አይጣል ተባለ፤
መርከብም ዞሮ ይሂድ፣ ወይም ቀስ ይበል የቸኮለ።"

በምን ድንጋይ ነው ባሕር የሚታጠረው? ስል ሳቅሁ በድፍረት፤
ዓሣ ነባሪ ካርታ ያነባል? ድንበሩን ያውቃል የት ጋ፣ የት?

በማግሥቱ ዝም ብሎ ወሰደኝ ከአንገረብ ወዲያ፣ በእግር፤
ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ያለቀ፣ የተላጨ ቀይ አፈር፤
መሐሉ ላይ ደብር፤ ደብሩን ከበው ወይራ፣ ዝግባና ጥድ፤
ካቡ በሦስት በኩል ፈርሷል። መጥረቢያ ግን ቆሞ ቀርቷል ከመንገድ።
"ምን ያዘው?" አለኝ።
"ግዝት" አልኩት።
"ያችን ጉሬዛ ተመልከት፤ ታውቃለች የግዝት ጽሕፈት?
የምታውቀው፣ እዚህ ሲደርስ ጩኸቱ እንደሚቆምላት።
እዚህ የወለደችው ለዚያ ነው።
ባሕሩም ላይ የታጠረው መርከበኛው ነው።
እኔ ነኝ።"

እኔ ግን ነገር አልተውም። "ባሻ፣ ከዚህ ደብር እስከዚያ
ሜዳ ነው፤ ጉሬዛ በእርሻ መሐል ምን ይዛ ትሻገር፣ ወዲያ?
ዓሣ ነባሪም መንገደኛ ነው፤ ከክልሉ ሲወጣ፣
መረቡ ደጅ ቆሞ ቢጠብቀው፣ ምን ሊሆን ነው ዕጣ?"
ቆመ። ጭቃውን ከጫማው በእንጨት ፋቀ፣ ቀስ ብሎ።
"እንቅልፍ የሚነሣኝም እሱ ነው" አለ፣ ወደ ሜዳው አስተውሎ።
"አንድ ደብር አይበቃም። ከአንዱ ደብር እስከ አንዱ ደብር
ጥላ ይኑር። ባሕርም ላይ ጸጥ ያለ መንገድ ይኑር።"

ሱቅ ተመልሰን፣ የአንድ ገበሬ ሬዲዮ ከፍቶ፣
ከጣቢያና ከጣቢያ መሐል ቁልፉን አዙሮ ተወው፣ ረስቶ፤
ወይም እኔ ረሳ መስሎኝ። አንዲት ቀጭን ፉጨት ወጣች፣
ጠፋች፣
ደግሞ ወጣች።
ላስተካክል እጄን ስዘረጋ፣ "አትንካት" አለ።

ሲመሽ ባለቤቱ መጣ፣ ጋቢውን ከራሱ ገልጦ፤
"ያፏጫል እኮ!" አለ፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ።
"አውቃለሁ" አለ ባሻ።
"ነገ ተመለስ።"