ፍላጭ

የጥዱን ጫካ አልፈን፣ ዳገት ላይ ውለን፣
ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከዋሻው፣ ጫማችንን ጥለን
ገባን።
«ዘጠኝ መቶ ዓመቱ!» አልሁ እንደ ልማዴ፣
«ይኸ እንጨት፣ ይኸ ኖራ፣ ሳይነቃነቅ አንዴ!»

አናጢው ሺራይሺ መልስም አልሰጠኝም፤
ጆሮውን ከመቃኑ አስጠጋ እንደ ሐኪም፤
ጠቅ ጠቅ አረገና አሸተተው ጥዱን፣
በአውራ ጣቱ ፈለገ የግንድና ግንዱን
መጋጠሚያ።

«በእኛ አገር፣ ኢሴ ላይ፣ መቅደሱ እንጨት ነው፤
ሃያ ዓመት ሲሞላው የምናፈርሰው።
የአያቴን አባቴ፣ የአባቴን እኔ ፈታሁ፤
ከጎኑ፣ ነጭ ጠጠር ላይ፣ አዲሱን አቆምሁ።
የእኔን ልጄ ይፈታል።»

ቄስ ፈንቴ አማተቡ።

እሱም ዝግ ብሎ፣ ሳይነቅፍ፦
«ይህን የሚያጋጥም እጅ ዛሬ አለ በመንደሩ?»

አስጎብኚ ነኝ እኔ፤ የንጉሡን ምሥጢር፣
ከወለሉ ሥር ተኝቷል የሚባለውን ባሕር፣
ሁሉን እመልሳለሁ።
ይህን አልመለስሁም።

ሲወጣ ከደጁ አንድ ፍላጭ አነሣ፤
ሊወስደው መሰለኝ፣ ለማስታወሻ።
እሱ ግን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ፣
ለቄሱ አስረከበ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ።

ከዚያ ወዲህ፣ እንግዳ ይዤ ዳገቱን ስወጣ፣
«ዘጠኝ መቶ» ስል
ድምፄ ዝቅ ይላል፤
የራሴን መዳፍ አያለሁ።