የአስረስ መልክ

ሳይረን ሲጮህ ተግተልትለን የምንወርድባት ጓዳ፣
የብረት በር፣ የሻገተ ግድግዳ፣
ፀጥ ሲል የትብለጥ ናት። ቁልፉን ከማዘጋጃ ቤት ለምና፣
ቂርያት ጋትን ከላይ ትታ ትሥላለች እታች ሆና።

መታወቂያዋ «ታሊ» ይላል፣ ጸሐፊው ቸኩሎ የጻፈው፤
እኔም በወረቀት «ሻሎም» ነኝ፤ ሰላሙን ማን እንዳየው።
ሥዕሉ ሥር ግን በፊደል ትፈርማለች፣ ጥን አጣማ፣ ምላሷን ነክሳ፣
እጇ ስሟን እንዳይረሳ።

የወረድኩት አምፖል ልቀይርላት ነበር።
ግድግዳው ላይ ሴቶች አየሁ፣ በመርከብ ሆድ የታጨቁ፣
እንደኛው የጠየሙ፣ በሰንሰለት የተጠላለቁ።
«የማን ወገን ናቸው?» አልኳት።
«የዲሞናዋ ጓደኛዬ አያቶች።
እነሱን ባሕር ነው የበላቸው፤ እናንተን በረሃ» አለች።
«እነሱም ጽዮን ይላሉ?»
«ይላሉ፣ በሌላ ዜማ።»
ጥሩ ነው አልኩ፣ አምፖሉን እያጠበቅሁ በጨለማ።

ከዚያ ነው የጠየቀችኝ፤ ከዕድር ሴቶች ሰምታ ኖሯል፦
«ጋሼ ተገኘ፣ መንገድ ላይ ወንድምህ ቀርቷል?»

አስረስ።
ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደ፣ ሐዘን እንዲያስረሳ፤
ስሙ ሥራውን አልሠራም፤ እንኳን ሐዘኑ፣ እሱም አልተረሳ።
መልኩ ግን ጠፍቶኛል። ፎቶ የለን። አርባ ዓመት አለፈበት።
«አፍንጫው?» «እንጃ።»
«ግንባሩ?» «እንጃ፣ ላብ ነበረበት።»
«ሳቁስ?»
«ገዳሪፍ ሳንደርስ በፊት፣
ነበረችው አንዲት።»

«እንግዲያው ካንተው ልበደር» ብላ ጉንጬን በእርሳስ ለካች።
«የገላ ቀለም» የሚል ቱቦ ነበራት፣ ውስጡ ሮዝ፤ ወዲያ ጣለች።
ከከሰል፣ ከቀይ አፈር፣ ከሰማያዊ ጭላጭ፣
ቆዳችንን አወጣች።

«በምን ነበር የተገነዘው?»
ከአፌ የወጣው ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩት ነው፦
«በዱቄት ጆንያ። የእርዳታ። ሰማያዊ ጽሑፍ አለበት፣
ምን እንደሚል አላውቅም። እግሩ አልበቃ አለው፣ ወጣበት።»
ሣለችው። ጆንያውን ከነጽሑፉ። ከዚያ እግሩን ሣለች።
አላለቀሰችም፤ ቀለም በጠበጠች።

እኔ ነኝ የቀበርኩት፣ በሌሊት፣ በእጄ፣ ማንነታችንን ደብቀን።
ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ይለይ፣ በውሃም ይንጻ ይላል ኦሪታችን፤
የት ልለይ? በየትኛው ውሃ? የሚጠጣም አልነበረን።
ደግሞስ ተለይቼ ብቀመጥ፣ ማን መሆናችን አይታወቅብንም?
ሲነጋ ከሰው ጋር ተጓዝኩ። ማንም አልጠየቀኝም።
አገሩ ገባን፤ ሻወር አለ፣ ባሕሩንም አይቻለሁ፤
ሰባተኛው ቀን ግን አልመጣም፤
እኔ እስካሁን ስድስተኛው ላይ ነኝ ያለሁ።

ይህን ስል እጄን ሥዕሉ ላይ አሳርፌው ኖሯል፤
መዳፌ እስከ አንጓው ድረስ አፈር፣ ቀለም ሆኗል።
«ውይ! ታጠብ» አለች ትብለጥ፣ እንደ ዋዛ፣ ቧንቧውን እየከፈተች።
ሕጉን ታውቅ ይሆን? አታውቅ ይሆን?
ጀርባዋን ሰጥታኝ ብሩሽ ትጠርጋለች።

መጀመሪያ ቀይ ወረደ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣
ቀጥሎ ውሃ ብቻ፤ ድምፁ የሚሰማ።
ፎጣ የላትም። በሸሚዜ ጠረግሁት።
አስረስ ከሸራው ላይ፣ አፍንጫዬን ተውሶ፣
ያቺን አንዲት ሳቅ ይዞ ነበር፤ አየሁት።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ ሚስቴ «አምፖሉ በራ?» አለችኝ።
«በራ» አልኳት።
እጄን ግን እስኪመሽ ድረስ ርጥብ፣ ርጥብ አለኝ።